«ነቀርሳ»፣ «ዕጢ»፣ «ጉዳት የሌለው»፦ ለወጣት ሴቶች የጡት እብጠት በሚሰጡ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

የሙያ ቃላት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከባዕድ ቋንቋ መዝገብ ነው። አጥኚው የእንግሊዝኛውን ቃል በግራው ዐምድ ያሰፍራል፤ በቀኙ ዐምድ የአማርኛ አቻ ይፈልግለታል፤ አቻው ሲገኝ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። በ1989 ዓ.ም. የታተመውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የመሰለ ሰፊ ሥራ ያለዚህ ዘዴ ከፍጻሜ ሊደርስ ባልቻለም ነበር። ይሁን እንጂ ዘዴው አንድ ጥያቄ ሳያነሣ ያልፋል፤ ይኸውም ቃሉን የሰማው ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። በሥነ ፈለክ ስያሜ ቢሳት ተማሪው ለጊዜው ይደናገራል። በሕክምና ስያሜ ቢሳት ግን ሕመምተኛዋ ወደ ቤቷ ሄዳ ላትመለስ ትችላለች።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ጠባብ የቃላት መስክ ነው፤ እርሱም በወጣት ሴቶች ጡት ላይ ለሚታዩ፣ ካንሰር ላልሆኑ እብጠቶች በአማርኛ የሚሰጡት ስያሜዎች ናቸው። «ካንሰር ላልሆኑ» ያልነው ለጊዜው ነው፤ ሐረጉ ራሱ ወደ ፊት ይተቻል።

ለመስኩ መመልከቻ የተመረጡት ከተሞች ወልቂጤና ቡታጅራ ናቸው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ኖረዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግን ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ሆናለች። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚህ ከተሞች አንድ እብጠት በሦስት ቋንቋ ይነገራል። ልጅቱ ለእናቷ በቸሃ፣ በእዣ፣ በመስቃን ወይም በክስታኔ ትነግራለች፤ ለነርሷ በአማርኛ ታስረዳለች፤ ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ውጤቱም በዚያው መንገድ ተመልሶ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እናት ቋንቋ ይወርዳል። አማርኛው በመካከል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ወደ ሁለቱም ወገን ይተላለፋል።

2. «ነቀርሳ» እና የራሴ ጥፋት

ሂሱን ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሕሙማን የሚታደል አንድ አጭር ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። ጽሑፉ ከሚዘረዝራቸው እብጠቶች አንዱ የቲቢ ባክቴሪያ በጡት ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ነው። በአማርኛ «የሳንባ ነቀርሳ» የታወቀ ስያሜ ነው፤ ስለዚህ በዚያው አምሳል «የጡት ነቀርሳ» ብዬ ጻፍሁ። በቃላት አመሠራረት ሕግ ሲታይ አንዳች እንከን አልነበረበትም። ረቂቁን ያነበበች አንዲት የቡታጅራ ነርስ ግን፣ «ጋሼ፣ ይህን ያነበበች ልጅ ሞቷን አነበበች ማለት ነው» አለችኝ።

እውነት ነበራት። «ነቀርሳ» ከ«ሳንባ» ጋር ሲነገር በመድኃኒት የሚድነውን ቲቢን ያመለክታል። ከ«ጡት» ጋር ሲነገር ካንሰር ነው። «የደም ነቀርሳ» ሲባልም ካንሰር ነው። «የአጥንት ነቀርሳ» ሲባል ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ከዐረፍተ ነገሩ ዙሪያ ካልታወቀ በቀር ከቃሉ አይታወቅም። ስለዚህ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ፍቺው በአጠገቡ በቆመው የአካል ስም ይለወጣል፤ ተናጋሪውም ይህን ለውጥ ሳያስተውለው ይኖራል። አማርኛ ለዚህ ዐይነት ጥምር ፍቺ እንግዳ አይደለም። «ኪንታሮት» የቆዳ ላይ ብቃይም የፊንጢጣ ሕመምም ነው። ነገር ግን ኪንታሮት የትኛው እንደ ሆነ ሕመምተኛው ራሱ ያውቀዋል። ነቀርሳ ግን በጡት ውስጥ ሲሆን በዐይን አይለይም።

ነገሩ በሕክምናውም በኩል ቀላል አይደለም። የጡት ቲቢ ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም በሽታ ነው፤ ይሁንና ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪም ሊዘነጋው አይገባም። በአብዛኛው የሚታየው በመውለድ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ሴቶች ነው። እብጠቱ ጠጣር ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ ቆዳውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ በብብት ሥር ንፍፊት ያስከትላል፤ ውሎ አድሮም ቆዳውን ቀዶ መግል ሊያወጣ ይችላል። በዚህ ሁሉ መልኩ ካንሰርን ይመስላል። ሕክምናው ግን በተለመደው ሥርዐት ስድስት ወር የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዐይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዐይነት። ጡቱ አይቆረጥም።

ከዚህ በሽታ አጠገብ ሌላ ዘመዱ አለ። ይህም ከወለዱ ጥቂት ዓመታት የሆናቸውን ሴቶች የሚይዝ፣ መንሥኤው በቅጡ ያልታወቀ፣ በጡት ውስጥ ጓል ጓል የሚሠራ ብግነት ነው። ሐኪሞች ግራኑሎማዊ የጡት ብግነት ይሉታል። በትዕግሥት ሲጠበቅ ወይም ብግነትን የሚያበርዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሲሰጡት ይሻለዋል፤ በቢላዋ ሲነካ ግን ቁስሉ አልድን ብሎ ሊቆይ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር እነዚሁ መድኃኒቶች የቲቢ ሕክምና ላልጀመረች የቲቢ ሕመምተኛ ቢሰጡ የሚጎዷት መሆናቸው ነው። እንግዲህ ካንሰር፣ ቲቢና ግራኑሎማዊ ብግነት ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ የአንደኛው ሕክምና ለሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል። አማርኛችን ግን በሁለቱ ላይ አንድ ቃል ጭኖ ሦስተኛውን ያለ ስም ትቶታል።

በዚህ ረገድ የውሰት ቃላትን የሚቃወሙ ምሁራን አንድ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። «ቲቢ» እና «ካንሰር» የተባሉት ሁለት እንግዳ ቃላት የአገሩ ቃል ያልቻለውን ከፍለው ሠርተዋል። ሕዝቡም ሁለቱን ያለ ምንም ኮሚቴ ተቀብሏቸዋል፤ በወልቂጤ ገበያ «ቲቢ» የማይገባው ሰው አይገኝም። ስለዚህ «ነቀርሳ» ከአዲስ ሙያዊ ጽሑፍ ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ሊቀር አይገባውም፤ ሁለቱም ፍቺዎቹ ተለይተው፣ እንዳያሳስቱም ምልክት ተደርጎባቸው መስፈር አለባቸው።

3. «ዕጢ»፦ ጤነኛውም በሽተኛውም

ሁለተኛው ቃል «ዕጢ» ነው። በትምህርት መጻሕፍታችን ዕጢ ማለት ላብን፣ ምራቅን፣ ወተትን ወይም ሆርሞንን የሚያመነጭ የአካል ክፍል ነው። በዕለት ንግግርና በዜና ግን «በጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘ» ሲባል ማንም ጤነኛ የአካል ክፍል ነው ብሎ አይረዳም። ስለዚህ ዕጢ የሌለው ሰው ሊኖር አይችልም፤ ዕጢ ያለበት ሰው ደግሞ ታሟል። በ«ያለው» እና በ«ያለበት» መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው ሁለቱን ፍቺዎች የሚለያቸው፤ ይህንንም ልዩነት አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የምትናገር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በድንጋጤ ውስጥ ሆና ትለየዋለች ብሎ መተማመን አይቻልም።

ጡት ራሱ ከዕጢዎች የተሠራ አካል መሆኑ ችግሩን ያከብደዋል። በወጣት ሴቶች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው እብጠት ፋይብሮአዴኖማ ይባላል። ቃሉ ከሦስት ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ የመጀመሪያው በላቲን ጭረትን ወይም ቃጫን፣ ሁለተኛው በግሪክ ዕጢን፣ የመጨረሻው በሕክምና ልማድ እብጠትን ያመለክታል። ይህን ክፍል በክፍል የተረጎመ ሰው «የዕጢ ቃጫማ ዕጢ» ላይ ይደርሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ከዚህ ለመሸሽ ሲሉ በአጭሩ «የጡት ዕጢ» ይላሉ፤ ሐረጉም በአንድ ጊዜ የወተት ዕጢን፣ ፋይብሮአዴኖማንና ካንሰርን ሊያመለክት የሚችል ይሆናል።

ስለ ፋይብሮአዴኖማ ልጅቱ ልታውቀው የሚገባት ጥቂት ነገር ነው። በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉት ዕድሜዎች ይታያል። ዙሪያው ለስላሳ፣ ሲነካ እንደ ጎማ የሚመለስ፣ ከጣት ሥር የሚያመልጥ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪሞች ስለዚህ ጠባዩ «የጡት አይጥ» የሚል ቅጽል ሰጥተውታል። ይህን ቅጽል ማንም ተርጓሚ ወደ አማርኛ እንዳያመጣው እንለምናለን፤ በእኛ ዘንድ አይጥ የምታመልጥ ብቻ ሳትሆን የምትቆረጥምም ናትና። አብዛኞቹ ከሦስት ሴንቲ ሜትር አያልፉም፤ ምንነታቸው በምርመራ ከታወቀ በኋላ በየጊዜው እየታዩ ሊተዉ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ባሉበት ይቆያሉ ወይም ይቀንሳሉ። እያደገ የሚሄደው፣ ከአምስት ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ወይም ልጅቱን ያሳሰባት በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

በዚህ ስም አተረጓጎም የጉራጌ አካባቢ አንድ መልካም አጋጣሚ አለው። እንሰት ሲፋቅ የሚቀረውን ቃጫ የማያውቅ ቤት በዚያ አገር የለም። «ከቃጫና ከወተት ዕጢ የተሠራ እብጠት» ቢባል፣ ሴቲቱ ጠንካራና የሚለጠጥ ነገር እንጂ የሚበላ ነገር በዐይነ ኅሊናዋ አይመጣባትም። ስሙ በመዝገብ ላይ «ፋይብሮአዴኖማ» ሆኖ ይቆይ፤ ማብራሪያው ግን ከዚህ ቢነሣ ይበጃል።

4. «ካንሰር ያልሆነ»፣ «ጉዳት የሌለው»፣ «አደገኛ ያልሆነ»

ሐኪሞች እብጠትን በሁለት ይከፍላሉ። የአውሮፓ ቋንቋዎች ክፍፍሉን የሚገልጹት ከላቲን በመጡ ሁለት ቃላት ነው፤ አንደኛው መነሻው «ደግ»፣ ሁለተኛው «ክፉ» ማለት ነው። አማርኛ ይህን የጠባይ አነጋገር ባለመውሰዱ አልተጎዳም። በምትኩ የወሰዳቸው ሐረጎች ግን ሁሉም ጉድለት አለባቸው።

«ካንሰር ያልሆነ» የሚለው አሉታ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ አሉታው ከግሱ ጋር ወደ መጨረሻ ይሄዳል። «ያለብሽ ካንሰር አይደለም» በሚለው ዐረፍተ ነገር «ካንሰር» ቀድሞ ይሰማል፤ «አይደለም» የሚለው ሲደርስ የፈራች ልጅ መስማት ያቆመች ሊሆን ይችላል። ከግእዝ «ኢ» ወስደው «ኢ-ካንሰራዊ» የሚሉም አሉታውን ወደ ፊት አመጡት እንጂ አስፈሪውን ቃል ከመሀል አላወጡትም፤ በተጨማሪም አንባቢን እንጂ አድማጭን አያገለግሉም።

«ጉዳት የሌለው» የሚለው በተቃራኒው ከልክ በላይ ያረጋጋል። ቀደም ብሎ የተነገረው ግራኑሎማዊ ብግነት ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን ለወራት ያሳምማል፣ ቆዳን ያቆስላል። በፍጥነት የሚያድግ ፋይብሮአዴኖማ በአሥራዎቹ ዕድሜ የምትገኝን ልጅ ጡት በጥቂት ወራት ከሌላኛው እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ለእነዚህ ልጆች «ጉዳት የለውም» ማለት ሕመማቸውን እንደ መካድ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ «ጉዳት የለውም» የተባለች ሴት ለክትትል አለመመለሷ ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከሚታዩት ካንሰሮች በብዛት ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ሕክምና የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ስለዚህ ፍርሃትን ለመቀነስ ብለን ጥንቃቄን የሚያጠፋ ቃል ብንመርጥ አንዱን ጥፋት በሌላ መተካት ይሆናል።

«አደገኛ ያልሆነ» የሚለው ሁለቱንም ጉድለቶች አንድ ላይ ይዟል። «የማይዛመት» ብንልም «ተዛማች በሽታ» በተላላፊነት ፍቺው ስለ ታወቀ፣ ነገሩ ከሰው ወደ ሰው ስለ መተላለፍ የተነገረ ሊመስል ይችላል።

ሐኪሙ በእርግጥ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። እብጠቱ ከጡት ተነሥቶ ወደ ሌላ አካል ይሄዳል ወይ? ከወጣ በኋላስ በነበረበት ቦታ ይመለሳል ወይ? «ሄደ» እና «ተመለሰ» ማንም የሚያውቃቸው ግሶች ናቸው። «የማይሄድ» ብለን ብንነሣ የሚያስፈራውን ቃል ሳንጠራ ዋናውን ቁም ነገር እንናገራለን። የማይሄድ ሁሉ ግን የማይመለስ አይደለምና ሁለተኛውን ግስ እንጨምራለን። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው እብጠት ይህን ልዩነት ግልጽ ያደርገዋል።

5. ሌሎችም ተሳስተዋል፦ የፊሎደስ እና የሃማርቶማ ነገር

የስያሜ ስሕተት የእኛ ብቻ ነው ብሎ ማዘን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1838 ጀርመናዊው የሕክምና ሊቅ ዮሐንስ ሙለር በጡት ላይ የሚታይ አንድ ልዩ እብጠት ለይተው ገለጹ። ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ቅጠል የተነባበረ ስለ ሆነ በግሪክ «ቅጠል መሰል» የሚል ስም ሰጡት፤ ከፊቱ ግን «ሲስቶሳርኮማ» የሚል ቃል ጨመሩ። በዚያ ዘመን የቃሉ ፍቺ «ሥጋ መሰል» ከማለት ብዙ አይርቅም ነበር፤ ሙለርም እብጠቱን ክፉ ነው አላሉም። ከጊዜ በኋላ «ሳርኮማ» ለአንድ የካንሰር ወገን ስም ሆነ። እብጠቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቃሉ ፍቺ ነው። በዚህ ምክንያት ለመቶ አርባ ዓመታት ያህል በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነ እብጠት የካንሰር ስም ተሸክሞ ኖረ። የዓለም ጤና ድርጅት «ሳርኮማ» የሚለውን ትቶ «ፊሎደስ» የሚለውን ብቻ የተቀበለው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የበሽታን ስም ግን የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰው ያወጣውንም ሰው ሊያርመው ይችላል።

ፊሎደስ ከፋይብሮአዴኖማ እጅግ ያነሰ ነው፤ በወጣቶችም ላይ ጥቂት ጊዜ ይታያል፤ በብዛት የሚገኘው በአርባዎቹ ዕድሜ ነው። በእጅ ሲዳሰስም በአልትራሳውንድ ሲታይም ከፋይብሮአዴኖማ ለመለየት ያስቸግራል። ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ የማይሄድ፣ በወሰን ላይ ያለና የሚሄድ። የማይሄደው እንኳ አወጣጡ ካልተስተካከለ በነበረበት ቦታ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለፊሎደስ ዝቅተኛ ደረጃ ትክክለኛው አማርኛ «የማይሄድ፣ ነገር ግን ሊመለስ የሚችል» ነው። «ጉዳት የሌለው» ብሎ የተረጎመ ሰው ሴቲቱን ከክትትል አሰናብቷታል ማለት ነው። ስያሜው በሙያ ጽሑፍ «ፊሎደስ እብጠት» ቢባል፣ መግለጫ ካስፈለገም «ተራራማ»፣ «ውሃማ» በምንልበት ቅርጽ «ቅጠልማ» ቢባል ያስኬዳል።

ሌላው ብርቅ እብጠት ሃማርቶማ ነው። ይህ በጡት ውስጥ የሚገኙት የራሷ የጡት ሕዋሳት፣ ማለትም ዕጢው፣ ስቡና ቃጫው፣ ሥርዐታቸውን ሳይጠብቁ በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚሠሩት ለስላሳ እብጠት ነው። ስሙ የወጣው «መሳት» ወይም «ዒላማን መሳት» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ይኸው ቃል በአዲስ ኪዳን የግሪክ ጽሑፍ ውስጥ ወደ እኛ «ኃጢአት» ተብሎ የተመለሰው ነው። ሥርወ ቃልን ተከትሎ መተርጎም የሚወድ ሰው እዚህ ላይ የት እንደሚደርስ አንባቢ ይመልከት። ጡቷ ያበጠባት ልጅ ቀድሞውንም «ምን በድዬ ነው?» እያለች መምጣቷ አይቀርም፤ ለእርሷ «የኃጢአት እብጠት» የሚል ወረቀት መስጠት ከስሕተት አልፎ ግፍ ይሆናል። ከዚህ የምንማረው ሥርወ ቃል ለመዝገበ ቃላት ጸሐፊ ዕውቀት እንጂ ለተርጓሚ ትእዛዝ አለመሆኑን ነው።

6. ከስሞች ይልቅ የተዘነጉት ግሶች

የቃላት ኮሚቴዎች ስም ሲፈልጉ ግስን ይረሳሉ። በሕክምና ክፍል ውስጥ ግን ውሳኔውን የሚሸከመው ግሱ ነው። ሁለት ምሳሌ እናቅርብ።

የጡት እብጠት ምርመራ ሦስት እግር አለው፤ በእጅ መዳሰስ፣ በምስል ማየትና በመርፌ ናሙና መውሰድ። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ በራጅ በደንብ አይታይም፤ ስለዚህ ምስሉ ቅድሚያ በአልትራሳውንድ ይነሣል። ከዚያ በቀጭን መርፌ ሕዋስ ይሳባል፣ ወይም በወፍራም መርፌ ትንሽ ሥጋ ይወሰዳል። እዚህ ላይ «መርፌ» የሚለው ቃል ያሳስታል። በእኛ አነጋገር መርፌ መወጋት ማለት መድኃኒት መቀበል ነው። «መርፌ እንወጋሻለን» የተባለች ልጅ ተወግታ ስትወጣ ታክሜያለሁ ብላ ወደ መንደሯ ልትመለስ ትችላለች፤ ውጤቱም ባለቤት አጥቶ ይቀራል። «በመርፌ ናሙና እንወስዳለን፤ ሕክምናው ውጤቱ ሲመጣ ይወሰናል» ቢባል ግን ጥቂት ቃላት በመጨመር አንድ ሕመምተኛ ይተርፋል። «ሥጋ ቆርጠን እናያለን» የሚለው አነጋገርም በ«ናሙና» ሊተካ ይገባዋል፤ ለእህል ሻጩ «ናሙና» የታወቀ ቃል ነው።

ሁለተኛው «ማውጣት» ነው። ፋይብሮአዴኖማ ከዙሪያው ሥጋ የተለየ ስለ ሆነ እንደ ባቄላ ፍሬ ከገለባው ሊፈለቀቅ ይችላል። ፊሎደስ ግን እንዲህ ከተፈለቀቀ ቅሪት ትቶ ሊመለስ ስለሚችል፣ ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር አብሮ መቆረጥ አለበት። የአማርኛ ጽሑፎቻችን ሁለቱንም «ዕጢውን ማውጣት» ይላሉ። ልጅቱ ለምን ሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና እንዳስፈለጋት ስትጠይቅ መልሱ በቋንቋው ውስጥ አይገኝም። «ፈልቅቆ ማውጣት» እና «ከነዙሪያው ቆርጦ ማውጣት» ብለን ብንለይ ልዩነቱን ማንኛዋም እናት ትረዳዋለች።

7. ሕዝቡ ያለው፣ መዝገቡ ያልያዘው

እስካሁን የተባለው አማርኛ ደካማ ነው ያሰኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በጠቀስነው መስክ ውስጥ ሕዝቡ ከሐኪሙ ቋንቋ የማያንሱ ቃላት አሉት፤ ችግሩ ተርጓሚው ወደ እነርሱ አለማየቱ ነው።

የመጀመሪያው «ቋጠረ» ነው። ውሃ ቋጠረ፣ መግል ቋጠረ ይባላል፤ ለምታጠባ ሴትም ወተት ቋጠረ ማለት ይቻላል። በሕክምና ቋንቋ ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ሦስት የተለያዩ የግሪክና የላቲን ስሞች አሉ፤ አማርኛው ግን በአንድ ግስ ሦስቱንም በያዙት ነገር ለይቶ ይሰይማል። የአልትራሳውንድ ባለሙያ ስለ እብጠቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ፈሳሽ የያዘ ነው ወይስ ጠጣር? ስለዚህ «የቋጠረ እብጠት» እና «ጠጣር እብጠት» ብንል ከምርመራው ቅደም ተከተል ጋር የሚሄድ ክፍፍል እናገኛለን። ስሙም ሕክምናውን ይጠቁማል፤ የተቋጠረ ነገር ይፈታል። ውሃውና ወተቱ በመርፌ ይሳባሉ፤ መግሉ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር እንዲወጣ ይደረጋል።

ሁለተኛው «አጎጠጎጠ» ነው። የልጃገረድ ጡት ሲጀምር ከጫፉ ሥር ጠንከር ያለ፣ ሲነኩት የሚያም ክብ ነገር ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም በአንዱ ወገን ቀድሞ ይወጣል። ይህን እንደ በሽታ ቆጥሮ ቆርጦ ማውጣት ከባድ ጥፋት ነው፤ ጡቱ የሚያድገው ከዚያ ስለ ሆነ በዚያ ወገን ከእንግዲህ ጡት አይኖርም። ልጇን ይዛ «እብጠት ወጣባት» ብላ ለመጣች እናት ከሁሉ የሚሻለው መልስ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ጡቷ እያጎጠጎጠ ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል በግጥምና በቧልት ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ በጤና መጻሕፍት ውስጥ ሙሉ ማዕርግ ያለው የሙያ ቃል ሊሆን ይገባዋል።

ሆኖም «ሕዝቡ» ስንል አማርኛን በአፍ መፍቻነት የሚናገረውን ብቻ ማለታችን ከሆነ ከወልቂጤና ከቡታጅራ አልተነሣንም ማለት ነው። የጉራጌ ቋንቋዎች የየራሳቸው የአካልና የሕመም ስሞች አሏቸው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የጉራጌ ሥርወ ቃላዊ መዝገብ የአሥራ ሁለት ቋንቋዎችንና ዘዬዎችን ቃላት አሰባስቧል፤ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ መነሻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መዝገብ ለጠያቂ ሐኪም አይመልስም። «ነቀርሳ» ወይም «ዕጢ» በነርሷ ሲነገር በልጅቱ እናት ቋንቋ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ቦታው ላይ ተገኝቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይሆንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ የገጠር ጤና ጥናት አካሂዷል፤ በኋላም የአእምሮ ጤና መጠይቆች ወደ አማርኛ ተመልሰው በዚያው አገልግለዋል። ጥያቄው በትክክል ካልተተረጎመ መልሱ ዋጋ እንደሌለው የሚያውቁ የጤና ተመራማሪዎች ናቸው። የቃላት አጥኚዎች ከእነርሱ የሚማሩት አለ፤ ቃል ከመጽደቁ በፊት በሰሚው ላይ መፈተን አለበት።

8. መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት ሐሳቦች ለውይይት ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ «ነቀርሳ» ከአዲስ የሕክምና ጽሑፍ ይውጣ፤ ቦታውን «ካንሰር» እና «ቲቢ» ይያዙ፤ የጡት ቲቢም «የጡት ቲቢ» ይባል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጡት በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ «ዕጢ» ለጤነኛው የአካል ክፍል ብቻ ይዋል። የሚዳሰሰው ነገር «እብጠት» ይባል፤ ከምርመራ በኋላም «የቋጠረ» ወይም «ጠጣር» ተብሎ ይለይ። «እብጠት» የእግርንና የፊትን ማበጥም ስለሚጨምር ሰፊ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ልክ ነው፤ ይሁንና ሰፊ ቃል በቅጽል ሊጠብ ይችላል፤ ሁለት ተቃራኒ ፍቺ ያለው ቃል ግን በቅጽል አይድንም።

ሦስተኛ፣ «ካንሰር ያልሆነ» እና «ጉዳት የሌለው» በሚባልበት ቦታ፣ የናሙናው ውጤት ከታወቀ በኋላ፣ «የማይሄድ» የሚለው ይሞከር፤ እንደ አስፈላጊነቱም «የማይመለስ» ወይም «ሊመለስ የሚችል» ይጨመርበት። ውጤቱ ሳይታወቅ ግን ከ«እብጠት» ያለፈ ስም ለማንኛውም አይሰጥ። ያልተመረመረን ነገር በሚያረጋጋ ስም መጥራትም በሚያስፈራ ስም እንደ መጥራት ያለ ስሕተት ነው።

አራተኛ፣ «ፋይብሮአዴኖማ»፣ «ፊሎደስ» እና «ሃማርቶማ» በውሰትነታቸው ይቀመጡ፤ ማብራሪያቸው ከሥርወ ቃላቸው ሳይሆን ከጠባያቸው ይነሣ።

አምስተኛ፣ ስሞች በሚሰበሰቡበት ጊዜ ከስሞቹ ጋር የሚሄዱት ግሶች አብረው ይሰብሰቡ።

እነዚህ ሐሳቦች የመጨረሻ ናቸው አንልም። «የማይሄድ» የሚለው ቃል በወልቂጤ በአንድ መንገድ፣ በቡታጅራ በሌላ መንገድ ሊሰማ ይችላል፤ ምናልባትም «ከሰውነቴ የማይወጣ» ተብሎ የሚተረጎምበት መንደር ይኖር ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ቃሉ ይጣል፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ያምጣ። ስለ ራሴ ግን የምናገረው ነገር ይህ ነው፤ ያቺ ነርስ የኔን «የጡት ነቀርሳ» ሳትሰርዘው ቀርታ ቢሆን ኖሮ፣ ጽሑፉ ያለ አንድ የሰዋስው እንከን ይታተም ነበር።